እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት

ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በጣራ ሥራዬ ሳይሆን በመቀመጤ ነው። ከተማችን መጥታችሁ "ኤምሊን ፓሪ የት ይገኛል?" ብትሉ "የሆነ ሰው ጓሮ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ይሆናል" ነው የሚሏችሁ። ይበሉ፤ አፉ የራሳቸው ነው። በራሴ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲስቁብኝ ኖረዋል፤ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የማንንም ቤት ሳላቃጥል ኖሬያለሁ። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እዚህ ዌልስ ውስጥ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ የቤት ልጅ ነው። ጠፍጣፋ ጣራ የምንሸፍነው ሬንጅ በጠገበ ወፍራም ጥቅል ነው። ጥቅሉን በጋዝ እሳት እየለበለብን፣ ሆዱ ሲቀልጥ በእግራችን እየገፋን እንዘረጋዋለን። ጨርሰህ እሳቱን ስታጠፋ ሁሉም ነገር የበረደ ይመስላል። አይምሰልህ። ከሥር ያለው ደረቅ ሳንቃ አንዲት ፍንጣሪ ውጦ ዝም ይላል፤ አንተ ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ እሱ ጉዱን ያወጣል። ለዚህ ነው የኢንሹራንስ ውላችን ላይ አንድ አንቀጽ ያለው፦ እሳት ከጠፋ በኋላ ሠራተኛው ቢያንስ ስልሳ ደቂቃ ከቦታው ሳይለይ ይጠብቅ፤ ካልጠበቀ ድርጅቱ አይከፍልም።

ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ይሄ አይገባውም። እሱ ቢያጠፋ አለቃ አለው፤ ቢታመም ደሞዝ አለው። በራሱ የሚሠራ ሰው ግን ዞር ብሎ ከኋላው ቢያይ የሚያገኘው የራሱን መኪና ብቻ ነው። ከጣራህ የወደቀች አንዲት ጡብ የመንገደኛ ራስ ብትመታ ቤትህን ትሸጣለህ። መሣሪያህ ቢሰረቅ በማግስቱ ሥራ ፈት ነህ። ለነዚህ ለሁለቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ። እኔው ወድቄ ብሰበር የሚከፍለውን ግን አልገባሁም ነበር፤ ምን ቆርጦኝ እወድቃለሁ ብዬ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ወደቅሁና ክንዴን ሰበርኩ፤ ሦስት ወር ሙሉ በእህቴ ሾርባ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውንም ገባሁ።

ሌላው ጣራ ሠሪ እሳቱን አጥፍቶ፣ አንድ ሲጋራ አጭሶ፣ ውልቅ ነው የሚለው። እኔ ባልዲዬን ገልብጬ እቀመጣለሁ። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ ኳስ ቢኖር እቀመጣለሁ። ሰዓቱ ሲሞላ እንደገና ወጥቼ ጣራውን በመዳፌ እዳስሰዋለሁ፤ ከዚያ ነው የምሄደው። ጥንቃቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ቦታ ቶሎ ተነስቶ መሄድ ምን እንደሚያስከፍል በወጣትነቴ ቀምሼዋለሁ።

ኔሪስ የዳቦ ጋጋሪው የግዊልም ሚስት ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ የማንም አልነበረችም፤ እኔ የማልረሳው ያንን ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ እስከ በራቸው ድረስ ሸኘኋት። የምላትን ነገር ሳምንት ሙሉ ጣራ ላይ ሆኜ ለባሕር ወፎቹ ስነግራቸው ነበር የሰነበትኩት። በሩ ላይ ቆምን። እሷ ዝም ብላ አየችኝ። ዛሬ ሳስበው እየጠበቀችኝ ነበር። እኔ ግን ምላሴ ተሳሰረና "እናቴ ትጠብቀኛለች" ብዬ ሄድኩ። እናቴ አልጠበቀችኝም፤ አክስቴ ዘንድ ሄዳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግዊልም ጠየቃት። በሠርጋቸው ቀን ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ዘመርኩላቸው። ድምፄ ንቅንቅ አላለም። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ነገር ያኔ ነው የገባኝ።

ሌላ አላገባሁም። እህቴ ሁለት ሦስቴ ሞክራ ተስፋ ቆረጠች። ግዊልም ደግሞ ደግ ሰው ነበር፤ ልጠላው ፈልጌ አቅቶኝ ነው የኖርኩት። ከአራት ዓመት በፊት ሲሞትም እኛው ዘመርን። ኔሪስ መጋገሪያውን ዘጋች፤ እኔም መንገድ ላይ ሳገኛት ኮፍያዬን አነሳ ነበር፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ደወለችልኝ። ከቤቷ ጀርባ ያለው የድሮው መጋገሪያ ክፍል ጣራው ያፈሳል። በማግስቱ ሄድኩ። መሰላሌን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

"ቆይ" አለችኝ። "ኤምሊን ስለሆንክ ዝም ብዬ የማሳልፍህ እንዳይመስልህ። ወረቀትህን አሳየኝ።"

የኢንሹራንስ ወረቀቴን ከመኪናው አምጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ ራሴ እንደዚያ አንብቤው አላውቅም።

"ስልሳ ደቂቃ ትጠብቃለህ ይላል። የት ነው የምትጠብቀው?"

"ጓሮሽ። ባልዲ አለኝ።"

"ባልዲ" አለችና ሳቀች። ሳቋ አላረጀም።

ከዚያ ጣራው ለምን እንደሚሠራ ነገረችኝ። ቤቱን ልትሸጥ ነው። ገዢዎቹ ያመጡት ባለሙያ ጣራው ካልታደሰ ውል የለም ብሏል። ልጇ ሎውሪ ኒውዚላንድ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች። እናቷን ነይልኝ ብላታለች። ኔሪስ ይህን ሁሉ የነገረችኝ የአየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔም መሰላሉን እየወጣሁ እሺ፣ እሺ እላለሁ። ጣራው ካለቀ ቤቱ ይሸጣል፤ ቤቱ ከተሸጠ ኔሪስ ትሄዳለች። የሚያስኬዳት ሰው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ።

ጣራው የሁለት ቀን ሥራ ነበር። እኔ ስምንት ቀን ፈጀሁበት።

እንዴት መሰላችሁ? ውሉ የሚለው እሳት በተለኮሰ ቁጥር ከጠፋ በኋላ አንድ ሰዓት ይጠበቅ ነው። ሁሉንም ጥቅል በአንድ ቀን ብለጥፈው አንድ ሰዓት ብቻ ነው የማገኘው። በቀን አንድ ጥቅል ብለጥፍ ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት አለኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እለካለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ምስማር እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እሳቱን እለኩሳለሁ፤ አስር ሰዓት ላይ አጠፋለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሥራው ብዬ የጠበቅሁትን ሰዓት በስተርጅና መንፈላሰሻ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ቀን ሻይ ሰጥታኝ በሩ ላይ ቆመች። በሁለተኛው ቀን ወንበር ይዛ ወጣች። በሦስተኛው ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቆርሳ፣ ቅቤ ቀብታ አመጣች። የምናወራው ይሄ ነው የሚባል አልነበረም። የግዊልም ጉልበት መጨረሻ ላይ እንዴት እንደከዳው፤ የጸሎት ቤቱ ሰው እንዴት እንደሳሳ፤ እሷ አሁንም የሚጋገር ዳቦ ሳይኖር ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ብንን እንደምትል። "እጄ ሊጥ ይፈልጋል" አለችኝ አንድ ቀን፣ መዳፏን ዘርግታ እያየችው። ያንን መዳፍ ለመያዝ ምን ያህል እንደተመኘሁ ልነግራችሁ አልችልም። ሻዬን ጠጣሁ።

ፖስተኛው ሂው፣ መዘምራን ውስጥ ከጎኔ የሚቆመው ማለት ነው፣ በዚያ ባለፈ ቁጥር አላስቀምጥ አለኝ። በአምስተኛው ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ የቤተ መንግሥት ጣራ ነው እንዴ የምትሸፍነው አለኝ። ኔሪስ ሰማችው። የጋጋሪ ሚስት ናት፤ አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቅበታለች። በማግስቱ ጠዋት ያኛው ጥግ ያፈሳል መሰለኝ እስቲ እየው አለችኝ። ያኛው ጥግ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም። እሱንም አየሁት፤ ግማሽ ቀን ፈጀሁበት።

በየማታው ቤቴ ስገባ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። አትሂጂ እላታለሁ። ያቺ ቃል ናት ሌላ አይደለችም፤ ሕፃን ልጅ የሚላት ቃል። ነገ ሲመጣ ስለ ዝናቡ እናወራለን።

በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነበር፣ የመጨረሻውን ጥቅል ለጠፍኩ። አስር ሰዓት ላይ እሳቱን አጥፍቼ ወረድኩና ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ። ኔሪስ ሻይ አመጣች። የእሷን ግን አልጠጣችውም፤ ይዛው ተቀመጠች።

"ትኬቱን ቆረጥኩ" አለችኝ። "ከገና በኋላ ነው። ገዢዎቹ ሰኞ ይፈርማሉ።"

ክው አልኩ። አውቀው አልነበር? አውቀዋለሁ። ግን ማወቅና መስማት ለየቅል ናቸው። እሷ ዝም ብላ አየችኝ፤ የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት በሩ ላይ እንዳየችኝ። አሁን በል፣ አልኩት ራሴን። አፌን ከፈትኩ።

"የመዝሙር ልምምድ አለኝ" ብዬ ተነሳሁ።

የመዝሙር ልምምዳችን ሐሙስ ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። "እሺ ኤምሊን" ብቻ አለች። ባልዲዬን አንስቼ ወደ መኪናዬ ስገባ ሰዓቴን አየሁ። አስር ሰዓት ከሩብ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ይቀረኛል። አየሁት፤ አላየሁም አልልም። አይቼው ነው የሄድኩት።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቷ ነበልባል አየ። እሳት አጥፊዎቹ ሲደርሱ የመጋገሪያው ክፍል ጣራ ወደ ውስጥ ተደርምሷል፤ የግዊልም የእንጨት ገበታዎች፣ ዳቦ ማውጫው ረጅም መቅዘፊያ፣ ሁሉም ከሰል ሆኗል። ኔሪስ ሳሎን ነበረች፤ ምንም አልሆነችም፣ ተመስገን። እኔ ስደርስ ካፖርት ደርባ ጎረቤቷ በር ላይ ቆማለች። አጠገቧ ሄድኩ። እሷም አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችም፤ ያ ነው ይበልጥ የገደለኝ። ባልዲዬ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭሱ ይሸተኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያሸተትኩት ለዚያች ቀን ነበር።

በሳምንቱ ፊዮን የምትባል መርማሪ ከኢንሹራንሱ መጣች። ልጅ ናት፤ የእኔ ልጅ ብትሆን የሚያስገርም አይደለም። ስለሚዘንብ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥን። መጀመሪያ ኔሪስን አነጋግራ ነበር የመጣችው።

"አቶ ፓሪ፣ እሳቱን ያጠፉት ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

"አስር ሰዓት።"

"ከዚያ በኋላ ምን ያህል ቆዩ?"

የሚወርደውን ዝናብ አየሁ። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀችና ወረቀቷን ገለጠች። የቤቱ ባለቤት የሰጡት ቃል እዚህ አለ፣ ላንብብልዎና ልክ ከሆነ ይፈርሙበት አለችኝ። "እኔ የጠየቅኳቸው እርስዎ ስንት ደቂቃ እንደቆዩ ብቻ ነው" አለች ትንሽ አፍራ። "የነገሩኝን ሁሉ ነው የጻፍኩት።"

አነበበችው። ዛሬም ቃል በቃል እወጣዋለሁ።

"ኤምሊን እሳቱን አጥፍቶ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ሻይ አመጣሁለት። ሩብ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ትኬት እንደቆረጥኩ ነገርኩት። ተነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ኔሪስ አትሂጂ አለኝ። እኔም እንግዲያው አልሄድም አልኩት። ሁለተኛ ሻይ ቀዳሁለት። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወጥቶ ጣራውን በእጁ ዳሰሰና ሄደ።"

ዝናቡ የመኪናውን ጣራ ይደበድባል። ልጅቷ ብዕሩን አቀበለችኝ።

እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ፊርማ። ጣራው ይከፈላል፣ ስሜ ይተርፋል፣ ደግሞም ኔሪስ አልሄድም ብላለች፤ በወረቀት ሰፍሯል። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ነገር በኢንሹራንስ ቅጽ ላይ ተጽፎ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። እጄ ሊፈርም ነበር፤ አልዋሽም። ግን ያላልኩትን ቃል እንዴት አድርጌ እወስዳለሁ? ከፈረምኩ ያቺ ቃል ለዘላለም የጣራ ካሳ ማስከፈያ ሆና መቅረቷ ነው። ኔሪስም ሻይ በቀዳችልኝ ቁጥር እኔ ሄጄ እንደነበር ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

"ልክ አይደለም" አልኩ። "አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ሄድኩ። እንደዚያ ብዬም አላውቅም።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። "ይህን ከጻፍኩ ድርጅቱ አይከፍልም እኮ። ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። እሷም ክፉ አስባ አይደለም፤ እኔን ልታድን ነው። ጻፊው። አንድ ነገር ደግሞ ጨምሪበት፤ ቆይቼ ቢሆን ኖሮ እላት ነበር በይ።"

"ይሄ ለድርጅቱ ምን ያደርግለታል?"

"ለድርጅቱ አይደለም" አልኳት።

ጻፈችው። እግዜር ይስጣት፣ አንዲት ቃል ሳትጥል ጻፈችው። ድርጅቱ አልከፍልም ብሎ የላከው ደብዳቤ ለሁለታችንም ደረሰ፤ የእኔም ቃል እንዳለ ሰፍሮበታል። ያመጣልን ሂው ነው። ሂው ደብዳቤ ይከፍታል አልልም፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

በዚያው ዕለት ኔሪስ ደጄ መጣች። ደብዳቤው በእጇ ነው። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"በሽበቴ ውሸታም አደረግኸኝ" አለችኝ። "በማላውቃት ልጅ ፊት። የሰው ልጅ በዕድሜው አንዴ ቢዋሽ ምን አለበት? አንድ ነገር ሰጠሁህ ኤምሊን፤ አንተ መልሰህ ወረወርክልኝ።"

ልነግራት የሚገባኝ ብዙ ነበር። ያችን ቃል በካሳ ገንዘብ ልገዛት አልፈለግሁም ማለት ነበረብኝ። በራሴ አፍ ልልሽ ነው የፈለግሁት ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን ምን መሰላችሁ?

"ጣራውን እኔ በራሴ እሠራዋለሁ።"

"ስለ ጣራው ማን ጠየቀህ?" አለችና ሄደች።

እንዲህ ነው የእኔ ነገር። ባልዲ ላይ ስልሳ ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው አንዲት ቃል ለመናገር አፉ አይፈታም።

ጣራውን ለጡረታዬ ባስቀመጥኩት ሠራሁት። ኢንሹራንሱ እሳት እንዳልነካ ከልክሎኝ ስለነበር ሬንጅና ጋዝ የማይታሰብ ነው። እኔም ጠፍጣፋውን ተውኩና አዘንብዬ በእንጨት ሠርቼ፣ አያቶቻችን ይከድኑበት በነበረው ጥቁር ስስ ድንጋይ ከደንኩት። እያንዳንዱን ድንጋይ በሁለት ሁለት ምስማር። የብርዱን ወራት ሙሉ። ገዢዎቹ እንጠብቃለን አሉ፤ ኔሪስም ትኬቷን ወደ መጋቢት አሥራ ሁለት አዛወረች። ሻይ የሚባል ነገር የለም። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። አንዳንዴ የወጥ ቤቱ መብራት ሲበራ አያለሁ፤ ያን ጊዜ መዶሻውን ቀስ አድርጌ ነው የምመታው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በዚህኛው ጊዜ ግን አንዲት ቀን አላጓተትኩም። አንዲት ልጅ ብቻዋን ልትወልድ ነው፤ ጣራ የሚጎተትበት ነገር አይደለም።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ረፋዱን ዘንቦ ያባራ ቀን፣ የመጨረሻዋን ድንጋይ መታሁ። አስር ሰዓት ነበር። መሰላሉን አወረድኩ፣ መሣሪያዬን መኪናው ውስጥ ከተትኩ። መኪናውን ላስነሳ ቁልፉን ከያዝኩ በኋላ ተውኩት። ባልዲዬን አምጥቼ ገልብጬ ያው ድሮ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን በሩ ተከፈተ። ኔሪስ ደፉ ላይ ቆመች።

"እሳት አልነበረም" አለችኝ።

"አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"ያጎደልኩትን አርባ አምስት ደቂቃ።"

ገባች። በቃ፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ቢሆንም አልተነሳሁም። ትንሽ ቆይታ ወንበሯን ይዛ ወጣች። ሻይ የለም፤ ወንበር ብቻ። አጠገቤ ተቀመጠችና ሁለታችንም ጣራውን ማየት ጀመርን። ሃምሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ጎረምሳ ያልበዋል። በጥቅምትም እንዲሁ አልቦኝ ነበር፤ ያኔ ተነሳሁ። አሁን ባልዲውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ኔሪስ" አልኳት። "አትሂጂ።"

ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ሞልቷል።

"አልከው" አለችኝ።

"አልኩት።"

"ትኬቱ ለአሥራ ሁለት ነው ኤምሊን። ሎውሪ ማንም የላትም። እሄዳለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ለምን አልከኝ?"

"ሳልልሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።"

ያን የሊጥ እጇን አንስታ እጄ ላይ አደረገችው። ሻካራ ነው፤ ሞቃት ነው። በጥቅምት ብትለኝ እቀር ነበር አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ወረቀቱ ላይ ብላዋለች፣ አንዴ ይበቃል። ሂው ብስክሌቱን እየገፋ በአጥሩ በኩል አለፈ፤ አይቶን ኮፍያውን አንስቶ ሄደ። ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ እንደዚያው ተቀመጥን። ከዚያ ወጥቼ ጣራውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው፣ ምን ሊሆን። ብቻ ዳሰስኩት።

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ባቡር ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ በዚያ ሬንጅ በሚሸት መኪናዬ። ሎውሪ ወንድ ወለደች። ቤቱ ከሊቨርፑል የመጡ ሰዎች ገቡበት፤ ጣራው አያፈስም። በአጠገቡ ስሄድ ዓይኔን ወደ ሌላ አደርጋለሁ፤ አይሆንልኝም፣ አየዋለሁ።

ለእሳት ሥራ እንደገና የሚፈርምልኝ ኢንሹራንስ ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠናሁ። የተገኘው እጥፍ ያስከፍላል፤ ውሉ ግን ያው ነው፣ ያችው አንቀጽም አለችበት። አሁንም አስር ሰዓት ላይ እሳቱን አጠፋለሁ፤ ባልዲዬን እገለብጣለሁ፤ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ። በእሷ አገር ገና አልነጋም፤ ግን የጋጋሪ ሚስት ናት፣ ነቅታለች። ሕፃኑን ታቅፋ ትደውልልኛለች። ስለ ዝናቡ ትጠይቀኛለች። ስለ ልጁ ጥርስ ትነግረኛለች። መቼ ትመጫለሽ አልላትም፤ እሷም መቼ ትመጣለህ አትለኝም፤ ሁለታችንም ግን ጥያቄውን እንደታቀፍን ነው የምናወራው።

ባለፈው ሳምንት በወሬ መሃል ሕፃኑ ተኛ መሰለኝ፣ ዝም አለች። እኔም የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

"ኤምሊን" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሄድክ እንዴ?"

ሰዓቴን አየሁ።

"አልሄድኩም" አልኳት። "ገና ሃያ ደቂቃ አለኝ።"